ቡቺ አርጅቷል፣ ሰው ደግሞ አስወስጂው እያለኝ ነው

በዚህ እትም የመለስኩት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፣ አንደኛው ረዘመብኝ። ስለ ዶሮና ስለ ወተት ላም የጻፋችሁልኝ ትንሽ ታገሱኝ፣ እመጣለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ዶክተር እንዴት ነዎት፣ አምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን ጥያቄ ስልክ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ ነው፣ ግቢ ተከራይተን። አንድ ውሻ አለን ቡቺ ይባላል፣ ስሙን እኛ አላወጣንለትም ከነስሙ ነው የወረስነው። ፊት ለፊት የነበሩት ጎረቤቶቻችን በ2011 ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰቡ በሙሉ ሲሄድ ዘበኛው ጋር ትተውት ሄዱ፣ ዘበኛውም በወሩ ስራ ለቀቀ፣ ውሻው እዛው በር ላይ ተኝቶ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ውሻ ወዳጅ አልነበርኩም፣ ግን ሶስት ቀን ዝናብ ሲመታው አይቼ አልቻልኩም በቃ በሩን ከፈትኩለት፣ ገባ። ያኔ ሰባት ስምንት አመት ይሆነዋል ብለውኛል፣ አሁን እንግዲህ አስራ አራት ሞልቶታል ማለት ነው።

ችግሩ እግሩ ነው። የኋላ እግሮቹ ከዱት፣ ሳሎን ሴራሚኩ ላይ ሲራመድ እግሩ ወዲያና ወዲህ ይሄድበትና ተዘርግቶ ይቀራል። ልጄ ስምንት አመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የሰርቪሱን ጡሩምባ ከሰማ የትም ይሁን ተነስቶ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። አሁን አይነሳም፣ ጡሩምባውን ሲሰማ ጭራውን ብቻ መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ እሱን ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ማታ ማታ አይተኛም፣ ይነሳል ይዞራል ያለከልካል። ግን አይጮህም፣ ባለቤቴም ቢያመው ይጮህ ነበር ይላል። ከአሜሪካ የተላከልኝ አድቪል ነበር፣ ግማሿን በስጋ ጠቅልዬ ልሰጠው አልኩና ደግሞ ፈራሁ።

እናቴ ድሮም ውሻ ቤት ውስጥ ማደሩ አልተዋጠላትም፣ ቤቱ ይረክሳል ትላለች። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም ግን ለሰፈር ልጆች ትንሽ ብር እንስጣቸውና ራቅ አድርገው ይውሰዱት አለኝ፣ ማለትም በማዳበሪያ አድርገው ከከተማ ወጣ ብለው ሊጥሉት ነው። አንድ ክሊኒክ ደውዬ ሳያመው እንዲሞት የሚያደርግ መርፌ እንዳለ ነግረውኛል። ግን እኔ ነፍስ የማጥፋት መብት አለኝ ወይ? ኃጢአት አይሆንብኝም? ጊዜው መድረሱንስ በምን አውቃለሁ? ልጄንስ ምን ልበላት? ሌላው ደግሞ የድሮ ባለቤቶቹ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ በአመት አንዴ ሁለቴ በዋትሳፕ ቪዲዮ ይደውልና እትዬ ቡቺን አሳዪኝ ይለኛል፣ ለሱ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? መስሪያ ቤት አንዴ ሳወራ እንባዬ መጣና ለውሻ ለቅሶ ልትቀመጪ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን አድቪል ከዚያ ቤት አርቂልኝ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፣ የውሻን ጨጓራ ያደማል ኩላሊቱንም ይጎዳል። ወገባችንን ቆረጠን ባልን ቁጥር የምንወስደው ዲክሎፍናክም ያው ነው። ድመት ያላችሁ ደግሞ ፓራሲታሞል (ዲያስፖራው ታይሌኖል የሚለው) በጭራሽ፣ አንድ ፍሬ ድመትን ለመግደል ትበቃለች። መፍራትሽ ቡቺን አትርፎታል።

ቢያመው ይጮህ ነበር የሚለውን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት ልነግርሽ አልችልም። እኔ ደብረዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር የሚመጣልን ከብትና አህያ ነበር፣ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ጀርባዋ ተልጦ ቁስሉ ላይ ጭነት የተጫነባት አህያ አይቻለሁ፣ ትንፍሽ አትልም፣ ጆሮዋን ጥላ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ባለቤትየውም ደህና ናት ዶክተር ትንሽ ሰንፋ ነው ይለኛል። ውሻም ድንገት ጭራውን ሲረግጡት ነው እንጂ የሚጮኸው፣ ቀን ከሌት አብሮት የሚኖረውን ህመም ይዞት ይዞራል። ሳይሮጥ ማለክለክ፣ ሌሊት ተነስቶ መንጎራደድ፣ ለመተኛት አራት አምስቴ መዞር፣ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ቆዳው እስኪገለጥ መላስ፣ ወገቡን ሊነኩት ሲሉ ፊቱን መለስ ማድረግ፣ የቡቺ ጩኸት እሱ ነው። አንቺ የጻፍሽልኝን ሳነብ እኔ ጩኸት ነው የሰማሁት።

ግን ቆይ፣ እግሩ የደከመ ውሻ ሁሉ ይሙት ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። መገጣጠሚያ ከሆነ ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ ሜሎክሲካም የሚባለው፣ በኪሎው ተለክቶ ኩላሊቱ ታይቶ ነው የሚሰጠው እንጂ ከፋርማሲ በግምት አይደለም፣ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ እብጠት የሚያበርደው መድኃኒት) የተወጋ ውሻ ላይም አይደረብም። ሴራሚኩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፊለት፣ ብዙ ውሾች በዚህ ብቻ ራሳቸው ቆመው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሲተኛ በየሶስት አራት ሰዓቱ ጎኑን ገልብጪው፣ ከስሩ ሽንት ካለ እጠቢና አድርቂ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ዝንብ እርጥብ ቆዳና ቁስል ካገኘ በቀናት ውስጥ ትል ነው የሚሆነው። የሚበላውን አለስልሺለት፣ ቅንጥብጣቢው በመረቅ ተቀቅሎ ይሁን፣ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ አይሁን፣ ሽንኩርት የውሻ ደም ያበላሻል። (ጾም ሲገባ ስጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ቀደም ብለሽ ፍሪጅ ውስጥ ያዥለት፣ እሱ አይጾምም።)

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። የውሻው ክትባት በየአመቱ ካልተሰጠና ድክመቱ በወራት ሳይሆን በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ ለሀጭ ከበዛ፣ አገጩ ከተንጠለጠለ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አርጅቶ ነው ብላችሁ አፉ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ እንደዛም ሆኖ ይመጣል። የነከሰው ወይም ለሀጩ ቁስል የነካው ሰው ካለ በሳሙናና በውሃ አስራ አምስት ደቂቃ አጥቦ የዛኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የአንቺ ቡቺ ግን ከጻፍሽው አይመስለኝም፣ ቀስ እያለ ነው የመጣበት።

ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ ላልሽው፣ አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም በ2004 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣችው መለኪያ አለ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰባት ነገር ነው፣ ህመሙ፣ መብላቱ፣ መጠጣቱ፣ ንጽህናው፣ ደስታው፣ መንቀሳቀሱ፣ ከመጥፎው ቀን ደህናው መብለጡ። ለእያንዳንዱ ከአስር ትሰጫለሽ፣ አስር ማለት በጣም ደህና ነው፣ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ አብራችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ወረቀቱን ግን ለባለቤትሽም ስጪው፣ ለየብቻ ሙሉና አስተያዩ፣ ሁልጊዜ ነው የሚለያየው። ቁጥር ከከበደሽ የግድግዳውን ካላንደር ተጠቀሚ፣ ማታ ማታ ደህና ከዋለ ክብ መጥፎ ከዋለ ኤክስ፣ እሱ ብቻ። ያለ ካላንደር ግን አትሞክሪው፣ አንድ ቀን ደህና ሲውል ያለፉት አምስት ቀናት ከሰው ጭንቅላት ይጠፋሉ፣ ሐኪም የሆነ ሰውም ላይ እንደዛው ነው፣ በራሴ ውሻ ደርሶብኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዛሬ እኮ በላ እያልኩ አቆየኋት፣ ዛሬ ድረስ ሳስበው አፍራለሁ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ግን ስትጠይቂ ውሻ ልገድል ነው ብለሽ አትጀምሪ፣ የማይድን ህመም ላይ ያለ እንስሳ ነው ብለሽ እንዳለው ንገሪያቸው። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል። እናትሽ ደግሞ ቤቱ ይረክሳል ሲሉ ቀስ ብለሽ መጽሐፈ ጦቢትን አስታውሻቸው፣ ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ቅዱስ ሩፋኤል አብሮት መንገድ ወጣ፣ ውሻውም ተከተላቸው፣ መልአኩ ውሻውን መልሰው አላለም። እናት ናቸው ደግሞ፣ ሳቅ እያልሽ ነው እንጂ ልትረቺያቸው ብለሽ አይደለም።

አሁን ስለ ማዳበሪያው። እኔ ባለቤትሽን አልወቅስም፣ እኛ ያደግነው እንደዛ ነው፣ ውሻ ሲያረጅ ልጆች ተጠርተው ይወስዱታል፣ የት እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም በልጅነቴ አንዱን ተሸክሜ ወስጃለሁ ስለዚ የምናገረው ከላይ ሆኜ አይደለም። ግን የሚሆነውን ልንገርሽ። መቆም የማይችል ውሻ ሌሎች ውሾች ክልል ውስጥ ይወድቃል፣ ይነክሱታል፣ መሮጥ አይችልም። ካልጨረሱት ማታ ጅብ አለ፣ ከከተማ ወጣ ሲባል የጅብ ሰፈር ነው። ጅቡ ካልመጣም ሁለት ሶስት ቀን ውሃ አጥቶ ነው የሚሞተው። ቡቺ ደግሞ ያንን ጊዜ ምን ሲያደርግ እንደሚያሳልፍ አንቺው ነግረሽኛል፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ቀና ይላል። አንዴ ተትቶ ያውቃል እኮ፣ አንቺ ነሽ በር የከፈትሽለት፣ ሁለተኛ ከሚተው በእጅሽ ላይ ይረፍ። መርፌው ከልጆቹ ክፍያ ይወደዳል፣ አዎ፣ እሱን ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት።

ክሊኒኩን ስትደውይ ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ። መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ትሰጣላችሁ ወይ በይ። ትክክለኛው አካሄድ እንደዚህ ነው፣ መጀመሪያ ማስተኛ ይወጋል፣ ከአምስት እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከዛ በደም ስር መጠኑ የበዛ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ በብዙ አገር ፔንቶባርቢታል ነው፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ልቡ ይቆማል። ነቅቶ እያለ ቀጥታ ልቡ ላይ እንወጋዋለን፣ ወይም ጡንቻ የሚያስር መድኃኒት ብቻ አለን የሚልሽ ካለ ስልኩን ዝጊና ሌላ ፈልጊ፣ ጡንቻው ታስሮ አእምሮው ነቅቶ ታፍኖ ነው የሚሞተው። ሰው የመንገድ ውሻ ሲመረዝ ያየውን ያንን መንፈራገጥ አስቦ ነው መርፌ ሲባል የሚደነግጠው፣ ያ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ ነው፣ ከዚህኛው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሐኪሙ ቤት መምጣት ከቻለ ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን ቤት ይሁን፣ ምንጣፉ ላይ።

አንቺም ከራሱ በኩል ተቀመጪ። ብዙ ሰው እኔ አልችልም ብሎ ይወጣል፣ ውሻው ደግሞ እስኪተኛ ድረስ አይኑ በሩ ላይ ነው፣ ይሄን የሚያየው ሐኪሙ ብቻ ስለሆነ ማንም አይነግራችሁም። ስሙን ጥሪው፣ ጆሮውን እሺው፣ የሚወደውን ቅንጥብጣቢ ከማስተኛው በፊት ትንሽ አቅምሺው። ከሞተ በኋላ አይኑ አይከደንም፣ ሽንት ሊለቀው ይችላል፣ አንድ ሁለቴ ሊተነፍስ ወይም ቆዳው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ አውቀሽ ጠብቂው እንጂ እሱ የለም ያኔ።

መቅበር የግድ ነው፣ ከባለ ግቢው አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ይኑር፣ ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ፣ ላስቲክ አያስፈልገውም፣ አሮጌ ጋቢ ይበቃል፣ ከላይ ድንጋይ ይጫንበት። መድኃኒቱ ስጋው ውስጥ ስለሚቆይ ሌላ ውሻ ወይ ጅብ ወይ ጥንብ አንሳ አውጥቶ ከበላው እሱንም ይገድላል። ጉድጓዱን ደግሞ ከቀኑ በፊት አስቆፍሪ፣ የዛን ቀን ቆፋሪ ስትፈልጊ እንዳትውይ።

ልጅሽን ገጠር ሄደ እንዳትያት። ገጠር የሄደ ውሻ ይመለሳል ብላ ነው የምትጠብቀው፣ ሰርቪሱ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር። ተኛ ብለሽም አታልፊው፣ የስምንት አመት ልጅ ማታ መተኛት ልትፈራ ትችላለች። ቡቺ በጣም አሞታል፣ አይድንም፣ ሐኪሙ እንዳያመው አድርጎ እንዲሞት ይረዳዋል በያት። መርፌው ላይ ልገኝ ካለች ማስተኛው እስኪይዘው ትሁን፣ አልፈልግም ካለች አይገደድም። ስትቀብሩ ግን አበባ ምናምን ታምጣ፣ ልጆች እጃቸው የሚሰራው ነገር ሲያገኙ ይቀላቸዋል።

የአሜሪካው ልጅ። ንገሪው፣ ሳይሞት ንገሪው። እሱ ያንን ውሻ የተወው ፈልጎ አይደለም፣ ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት ሻንጣ ላይ አስቀምጠውት ነው የሄደው፣ ስንት አመት ሙሉ እየደወለ አሳዪኝ የሚለው ለምን ይመስልሻል። እሱ እስኪደውል አትጠብቂ፣ ቀኑን ስትቆርጪ አንቺ ደውይለት፣ ስልኩን ቡቺ ጆሮ ላይ አድርጊና ይጥራው። አይኑ ቢደክምም ጆሮ እስካለው ድምፁን ሊያውቀው ይችላል፣ ባያውቀውም ልጁ ተሰናብቷል።

የመስሪያ ቤትሽን ሰዎች እለፊያቸው። ጃንሆይ ራሳቸው ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው፣ ያ ሁሉ መኳንንት በቆመበት እግራቸው ስር ትውል ነበር። ለቅሶ ተቀመጭ አልልሽም፣ ግን የዛን ቀን ፈቃድ ውሰጂ፣ ምክንያቱን መናገር ግዴታ የለብሽም፣ ዘመድ ታሞብኝ በይ።

ጥያቄ

ዶክተር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልህ። ሚሚ የምትባል ድመት ነበረችኝ፣ ከሼልተር (ባለቤት ያጡ እንስሳት መጠለያ) ስወስዳት አስር አመቷ ነበር፣ ማንም አይፈልጋትም አርጅታለች ብለውኝ ነው የወሰድኳት። ስድስት አመት አብረን ኖርን፣ መጨረሻ ላይ ኩላሊቷ ደከመ፣ አመት ያህል ራሴ ቆዳዋ ስር ፍሉይድ (ፈሳሽ) በመርፌ ስሰጣት ቆየሁ፣ ከዛ ምግብ አቆመች። ማክሰኞ እረፍቴ ስለሆነ ቀጠሮውን ማክሰኞ አደረግኩት። አሁን ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፣ አንደኛ ሞታለች ካሉኝ በኋላ አይኗ ክፍት ሆኖ ያየኝ ነበር፣ ደግሞ አንዴ ትልቅ ትንፋሽ ወሰደች፣ ሳትሞት ይሆን? ሁለተኛ ደግሞ የሞቷን ቀን በስራ ፕሮግራሜ መምረጤ ጭካኔ አይደለም?

መልስ

ወንድሜ፣ አላየችህም። አይን ለመክደን ጡንቻ መስራት አለበት፣ ስንሞት ጡንቻው ስለሚለቅ ባለበት ይቀራል፣ ሰው ላይም ለዚህ ነው በእጅ የምንከድነው። ያ ትንፋሽ ደግሞ ልብ ከቆመ በኋላ ከአንጎል ግንድ የሚመጣ ነው፣ ማሰቢያው ክፍል ከዛ በፊት ጠፍቷል፣ ማደንዘዣው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ይሄን ሐኪሟ ቀድማ ልትነግርህ ይገባ ነበር፣ አምስት ቃል ነበር የሚፈጀው።

ስለ ማክሰኞው፣ ረቡዕ ብታደርገው ኖሮ ከስራ ሮጠህ ደርሰህ ሰዓት እያየህ ነበር የምትቆመው። የድመት ኩላሊት አንዴ ከደከመ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ምግብ ካቆመች በኋላ የሚጨመር ቀን የማቅለሽለሽ ቀን ነው፣ ማክሰኞም ሆነ ሐሙስ። ቀን ያልመረጡ ሰዎች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ኢመርጀንሲ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነው የሚሰናበቱት፣ እሱንም አይቻለሁ። ደግሞ አስር አመት የሞላት ድመት ከሼልተር የሚወስድ ሰው ጨካኝ ነኝ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እንደምመልስ እንጃ።

የተረፈህን ያልተከፈተ የኩላሊት ምግብ ወስደህ ሼልተሩን ይቀበሉህ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ኩላሊቷ የደከመ ሌላ ድመት አይጠፋም። የተከፈተውን ፍሉይድ ግን ጣለው፣ መርፌዎቹን ደግሞ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አትክተት፣ እንደ ፈሳሽ ሳሙና እቃ ያለ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አድርገህ ክዳኑን በፕላስተር አሽገህ የት እንደሚጣል ክሊኒኩን ጠይቅ።